መድኃኒቱ መዝገብ አለው፤ ሕመምተኛውስ?

አንድ እሑድ ጧት፣ የመስቀል አደባባይ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛና ለስፖርተኛ በተለቀቀበት ዕለት፣ እኛ የፋርማሲ ተማሪዎች ድንኳን ተክለን የደም ግፊት ስንለካ ዋልን። በደረጃው ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ያነጉት ወጣቶች ላባቸውን እየጠረጉ ክንዳቸውን ዘረጉልን፤ ከእስጢፋኖስ አስቀድሰው የወጡት እናቶችም ነጠላቸውን እንዳጣፉ ተሰለፉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ፣ እኛ ስለ መድኃኒት እንደምናውቅ በሰሙ ጊዜ፣ ቤታቸው ደርሰው ፌስታል ሙሉ ክኒን ይዘው ተመለሱ።

የዚያን ቀን ያየነው ለአንድ ሴሚስተር ትምህርት ይበቃ ነበር። አንዲት እናት ሁለት የተለያዩ ካርቶኖችን ከሁለት የተለያዩ መድኃኒት ቤቶች ገዝተው፣ ጧት ከአንዱ ማታ ከሌላው ይውጣሉ፤ ስማቸው ይለያይ እንጂ በሁለቱም ውስጥ ያለው አምሎዲፒን ነው። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ለስኳር የታዘዘላቸውን ግሊቤንክላማይድ በጾም ወራት እንደ ወትሮው ጧት ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ እንደሚቆዩ ነገሩን፤ «ራሴን ያዞረኛል፤ ጾሙ ነው» አሉ። ጾሙ ብቻ አልነበረም። ለሁሉም የሚገባቸውን መክረን፣ ሐኪማቸውን ሳያዩ እንዳይውሉ እንዳያድሩ ለምነን ሸኘናቸው።

ከዚያስ የነገርናቸውን የት ጻፍነው? ማታ የቀረበው ሪፖርት የያዘው ግፊቱ የተለካው ሰው ብዛትና ግፊቱ ከፍ ብሎ የተገኘው ሰው ብዛት ነበር። ለማን ምን እንደ ተባለ በቆጠራው ወረቀት ጀርባ ላይ ተሞነጫጭሮ ነበር፤ ድንኳኑ ሲነቀል ወረቀቱም ከውኃ ፕላስቲኩ ጋር ተጠርጎ ሄደ። ከጣሉት እጆች አንዱ የኔ ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ይህን የማነሣው ስለ አንድ ወረቀት መጥፋት ለማልቀስ አይደለም። በዚያ ድንኳን ውስጥ የሠራነው ሥራ በሌላው ዓለም ስምና ደንብ ያለው ሙያዊ አገልግሎት ነው፤ ይኸውም ፋርማሲስቱ ሕመምተኛውን አስቀምጦ የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ አንድ በአንድ ማየትና የተጋጨውን፣ የተደጋገመውን፣ ያለ አግባብ የሚወሰደውን ለይቶ ማውጣት ነው። በአማርኛ «ግምገማ» ልበለው ብል ቃሉ በአገራችን ሌላ ስብሰባ ያስታውሳል፤ «ፍተሻ» ብል በየሕንፃው በር ላይ ኪስ የሚዳብሰውን ዘበኛ ያመጣብኛል። ስለዚህ ተማሪ በሚያውቀው ቃል የመድኃኒት ክለሳ እለዋለሁ።

በአገራችን የክለሳ ትምህርት አለ። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የፋርማሲ ሥርዐተ ትምህርት አምስት ዓመት ሆኖ፣ ተማሪው ከመደርደሪያው ወጥቶ በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ እንዲቆም ተደርጓል። በሆስፒታልም ክሊኒካል ፋርማሲስቱ የሚሞላው የመድኃኒት መከታተያ ቅጽ አለ። በሰፈር ፋርማሲ ግን ክለሳ ራሱን የቻለ፣ መዝገቡና ኀላፊነቱ የተደነገገለት አገልግሎት ሆኖ አልቆመም። ሕዝባችን ደግሞ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሰፈር ፋርማሲ ነው። በሩ ክፍት ነው፤ ካርድ ማውጣት የለ፣ ወረፋው አጭር ነው፤ ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ብሎ መጥራት ይቻላል።

እስኪ ሕጋችንን እንይ። በ1956 ዓ.ም. የወጣው የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288 እስከ 1991 ዓ.ም. ድረስ ቆየ፤ በዚያ ዓመት በአዋጅ ቁጥር 176 ተሻረ፤ እርሱም በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 661፣ ይኸኛውም በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1112 ተተካ። የቁጥጥሩ መሥሪያ ቤትም ስሙን በየጊዜው ለውጧል። በዚህ ሁሉ መለዋወጥ ውስጥ አንድ ነገር አልተለወጠም፤ የመዝገቡ ዐይን ያረፈው በመድኃኒቱ ላይ ነው። መድኃኒቱ ከማን ተገዛ? ባች ቁጥሩ ስንት ነው? የአገልግሎት ጊዜው መቼ ያልፋል? ናርኮቲኩ በልዩ ማዘዣ ወጣ ወይ? በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች የተስፋፋው ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይት ሥርዐት ደግሞ ይህንኑ አጥብቆታል፤ ዛሬ በሥርዐቱ በሚሠራ ሆስፒታል አንዲት ክኒን ከመጋዘን ወጥታ የት እንደ ገባች በደረሰኝ ሊመለስ ይችላል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ መድኃኒት ሲሰረቅ ለኖረበት አገር አላንቋሽሸውም። ነገር ግን ክኒኗ የሰው አፍ ደርሳ ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚጽፍ የለም።

የጥንቱ ደብተራ እንኳ ለሕመምተኛ ክታብ ሲጽፍ በብራናው መካከል የሰውየውን የክርስትና ስም ያስገባ ነበር። ክታቡ ፈወሰ አልፈወሰ ሌላ ክርክር ነው፤ ለማን እንደ ተጻፈ ግን ይታወቃል። ዛሬ በከተማችን ካሉት ፋርማሲዎች በአንዱ ገብቼ ለአምስት ዓመት የደም ግፊት መድኃኒት ብገዛ፣ በስሜ የተጻፈ አንድ መስመር ላይኖር ይችላል።

ነገሩ የገባኝ በአክስቴ ነው። አክስቴ ካዛንቺስ ኖራለች፤ ያው ኢጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሩት ቤት ስሙን የወረሰው ሰፈር ማለት ነው። በሰፈሩ አንዲት ፋርማሲስት ነበረች። አክስቴ ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እንደምትወስድ፣ ዳይክሎፌናክ አንድ ጊዜ ኩላሊቷን ነክቶባት እንደ ነበር፣ ዐቢይ ጾምን እንደማታፈርስ ሁሉንም ታውቃለች። አክስቴ ጉልበቷን እያሸች «ዶክተርዬ፣ ያቺን የቁርጥማት ክኒን ስጪኝ» ስትላት «እትዬ፣ እርስዎ ያቺን አይወስዱም፤ ባለፈው ምን ተባብለን ነበር?» ብላ ትመልሳታለች። ይህ ክለሳ ነው። የተጻፈው ግን በፋርማሲስቷ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ካዛንቺስ ፈረሰ። የኮሪደር ልማቱን ለመክሰስም ለማመስገንም አይደለም የምጽፈው፤ ሌላው በሌላ ገጽ ይከራከርበት። አክስቴ ወደ ገላን ጉራ ተዛወረች፤ ፋርማሲዋ ተዘጋች፤ ፋርማሲስቷ የት እንደ ገባች አናውቅም። በዚያው ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ የአክስቴ ጉልበት አመማትና ከማያውቃት ቤት ገብታ ዳይክሎፌናክ ገዛች። ሻጩ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን ሸጠ። ከኤናላፕሪልና ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ዳይክሎፌናክ ሲጨመር፣ ይልቁንም ሰውነቱ ውኃ ባጣ አዛውንት ላይ፣ ኩላሊትን ምን እንደሚያደርግ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በፈተና ላይ ይጽፈዋል። እግሯ አብጦ፣ ሽንቷ ተቀንሶ ሆስፒታል ገባች። የተረኛው ሐኪም «እናቴ፣ ምን ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት?» ብሎ ሲጠይቃት «ያቺን ትንሿን ነጭና ማታ የምወስዳትን» አለችው። ካርቶኖቹ በቤት መልቀቅ ግርግር ጠፍተዋል። ሐኪሙ ወደኔ ዞረ፤ እኔ የፋርማሲ ተማሪው የገዛ አክስቴን መድኃኒት አላውቅም ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን ተርፋለች። ከሆስፒታል በወጣችበት ሳምንት ዕቃዋን ሳስተካክል የዕድሯን ደብተር አገኘሁት፤ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የየወሩ መዋጮ በቀንና በፊርማ ተሞልቶ፣ አንድ ወር ሳይጎድል። አክስቴ ለቀብሯ ሙሉ መዝገብ አላት።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ። ክለሳ በሰፈር ፋርማሲ ይጀመር የሚሉ መምህራንና ባለሙያዎች አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ወገን ነኝ። ነገር ግን አገልግሎቱ ከመጀመሩ በፊት የመዝገቡ ደንብ ካልተጻፈ እንደ ድንኳናችን ወረቀት ተጠርጎ የሚሄድ ሥራ ይሆናል። በዚህም ላይ ከጓደኞቼ የሰማሁትን ተቃውሞ ሳልደብቅ ላቅርብ።

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ጊዜ የለም» የሚል ነው። በመስኮቱ ስድስት ሰው ቆሞ እያለ ፋርማሲስቱ መቼ ቁጭ ብሎ ይጽፋል? እውነት ነው። ደግሞም የጻፈበትን ማን ይከፍለዋል? ይኸኛው ጥያቄ ከፊተኛው የከበደ ነው፤ የእንግሊዝ አገርን ታሪክ ማንሣት ግድ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝ የመድኃኒት አጠቃቀም ክለሳ የተባለው አገልግሎት በ2005 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ፋርማሲው ለአንድ ክለሳ 28 ፓውንድ ያህል ይከፈለው ነበር፤ በዓመት እስከ 400 ክለሳ ድረስ። መዝገቡን ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲያቆይ፣ የሕመምተኛውንም የጽሑፍ ፈቃድ እንዲይዝ ታዘዘ። ደንቡ በወረቀት ላይ ሲነበብ ያማረ ነው። ነገር ግን 400 የሚለው ጣሪያ በብዙ ቦታ ግብ ሆነ፤ የድርጅት አስተዳዳሪዎች ሠራተኞቻቸውን ቁጥር እንዲሞሉ ይገፏቸው ጀመር፤ ክለሳው ከሚያስፈልገው ሰው ይልቅ ቶሎ የሚያልቅለት ሰው ይፈለግ ጀመር የሚል ወቀሳ በዛ። በመጨረሻም በ2021 እ.ኤ.አ. መጋቢት ወር አገልግሎቱ ቆመ፤ ክለሳው ከሐኪሞች ጋር ተቀናጅተው ለሚሠሩ ፋርማሲስቶች ተላለፈ። አዲስ መድኃኒት ለጀመረ ሰው የሚደረገው የፋርማሲ ምክር ግን ቀጥሏል።

ከዚህ እኔ የማወጣው ትምህርት «አንጀምር» የሚል አይደለም። መዝገቡ ገንዘብ መጠየቂያ ደረሰኝ ከሆነ ደረሰኝ ይሆናል፤ የሚቀጥለው ፋርማሲስት አንብቦ ሥራ የሚሠራበት ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ መዝገብ ይሆናል። እኛስ ብንሆን ምን አደረግን? በሆስፒታል ልምምዳችን ጊዜ ቅጹ ነጥብ ስላለው፣ ማታ በዶርም ተቀምጠን የቀኑን ቅጽ ያስዋብን የለንም ወይ? አንድ ሌሊት ያላነጋገርኩትን ሰው «ምክር ተሰጥቶታል» ብዬ ሞልቻለሁ። ነጥቡም ተሰጠኝ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የምሥጢር ነገር ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው። የሰፈር ፋርማሲ መደርደሪያ ጠባብ ነው፤ ከኋላ የቆመው ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ያነባል። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የምትወስድ ልጅ፣ ባሏ ሳያውቅ የእርግዝና መከላከያ የምትወስድ ሴት፣ ስማቸው በባሕር መዝገብ ተጽፎ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ቢታይ ነገ ከሰፈር ሊወጡ ነው። ከዚህም ያለፈ ፍርሃት አለ። በመስቀል አደባባይ ጥግ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ቆሟል። በዚህች ከተማ የስም ዝርዝር በቀበሌ እጅ ምን እንደ ሠራ የሚያስታውሱ ወላጆች አሉን፤ «ስምዎን ልጻፍ» ሲባሉ የሚያመነቱ አዛውንቶችን ኋላ ቀር ብሎ መሳደብ አይገባም። ከነማ መድኃኒት ቤቶችን ያመጣው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ራሱ የዚያው የቀበሌ ዘመን ልጅ ነው፤ ሕዝቡ ግን ለመድኃኒቱ ዋጋ ሲል ወደዳቸው፣ እስከ ዛሬም ይሰለፍባቸዋል። እምነት የሚገኘው በአገልግሎት እንጂ በአዋጅ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ዛሬ ግን አዋጅም አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን ይመድበዋል። ስለዚህ የክለሳ ደንብ የሚያረቅ ሰው ምን ይጻፍ ብሎ ብቻ ሳይሆን ምን አይጻፍ ብሎም መጠየቅ አለበት። ሰውየው ከሚስቱ ጋር መጣላቱ አይጻፍ። ፋርማሲስቱ የጠረጠረው በሽታ፣ ሐኪም ሳያረጋግጠው፣ አይጻፍ። የቀበሌ መታወቂያ ቁጥር ለክለሳ ምን ይሠራል?

የሚጻፈው አንድ ገጽ ይበቃዋል ባይ ነኝ። የሰውየው ስምና ዕድሜ፤ የማይስማማው መድኃኒት፤ የሚወስደው ሁሉ፣ በንግድ ስሙ ሳይሆን በዋናው ስም፣ ጤና አዳሙና ዳማከሴው ሳይቀር፤ ይጾም እንደ ሆነና በጾም ጊዜ ክኒኑን መቼ እንደሚውጥ (በውጭ አገር ቅጽ ላይ ይህ መስመር የለም፤ እኛ ካልጨመርነው ማንም አይጨምርልንም)፤ ምን ችግር እንደ ተገኘ፤ ምን እንደ ተባለና ወደ ማን እንደ ተላከ፤ ቀንና ፊርማ። በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ በተቆለፈ ሳጥን ከፋርማሲው ይቀመጥ፣ ሁለተኛው ከሕመምተኛው ጋር ይሂድ። አክስቴ የዕድር ደብተሯን አንድ ወር ሳታጎድል ከያዘች ይህንንም ትይዛለች። ዋርፋሪን የሚወስዱትን፣ የልብ ቫልቫቸው በሪህ ትኩሳት የተጎዳ ወጣቶችን አስቡ፤ አንድ ሰው ለሆድ ሕመማቸው ሜትሮኒዳዞል ሲሰጣቸው ደማቸው አልቆም ሊል ይችላል። ከኪሳቸው የሚወጣ አንድ ገጽ ሻጩን ቆም ያደርገዋል።

ስንት ዓመት ይቀመጥ? እንግሊዞቹ ሁለት ዓመት አሉ። ለእኛ ሁለት ዓመት የሚለው ከክለሳው ቀን ሳይሆን ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት ቀን ቢቆጠር እመርጣለሁ፤ የደም ግፊት ሰው በየወሩ ይመለሳልና። በዚህ ላይ መምህሮቻችን ቢያርሙኝ አልከራከርም።

የምከራከርበት ሌላ ነው፤ ይኸውም ፋርማሲ ሲዘጋ የሚሆነው። ቤቱ ሲዘጋ የቀረው መድኃኒት፣ ይልቁንም ናርኮቲኩ፣ የት ደረሰ ተብሎ ይጠየቃል። ሕመምተኞቹ የት ደረሱ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ስለዚህ በደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይግባ፤ ፋርማሲ ሲዘጋ ወይም ሲዛወር በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፎ መዝገቡን ለባለቤቱ ለሕመምተኛው ያስረክብ፤ ያልመጣ ሰው መዝገብ ደግሞ ታሽጎ ለከተማው ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይግባ፤ ሰውየው በጠየቀ ጊዜ እንዲያገኘው። ሰፈር በሳምንታት ውስጥ በሚፈርስበት ከተማ ይህ የቅንጦት አንቀጽ አይደለም። ካዛንቺስ የመጨረሻው አይሆንም።

ሦስተኛውን ተቃውሞ በግልጽ የሚናገረው የለም፤ ስለዚህ እኔ ልናገርለት። በየመድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተከብቦ የተሰቀለ የሙያ ፈቃድ አለ። ፈቃዱ ተሰቅሏል፤ ባለ ፈቃዱ ግን አንዳንድ ጊዜ ሌላ ሥራ ላይ ነው፤ በወር አንድ ቀን መጥቶ የስሙን ኪራይ ተቀብሎ ይሄዳል። ይህን የማያውቅ የፋርማሲ ተማሪ ካለ ገና አንደኛ ዓመት ነው። ከኛም መካከል ስንመረቅ ይህንኑ ሥራ ለማግኘት የተነጋገሩ አሉ። በእያንዳንዱ ክለሳ ሥር ቀን፣ ሰዓትና ፊርማ የሚጠይቅ መዝገብ ከመጣ የተሰቀለው ፈቃድ መናገር ይጀምራል፤ ፋርማሲስቱ በዚያ ሰዓት በዚያ ቤት ነበረ ወይስ አልነበረም? ተቆጣጣሪው ባች ቁጥር ሲቆጥር ያላየውን በአንድ ገጽ ያየዋል። ደንቡ ሲረቀቅ «ለጊዜው ፊርማው ይቆይ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ከወዴት እንደ መጣ አንሳት።

የመዝገብ ፍርሃት በቅን ፋርማሲስት ዘንድም አለ። «የጻፍኩት ነገ በፍርድ ቤት ይመሰክርብኛል» ይላል። አዎን፣ ይመሰክራል። ያልጻፈው ግን ጨርሶ አይመሰክርለትም፤ የካዛንቺሷ ፋርማሲስት አክስቴን ዳይክሎፌናክ ስንት ጊዜ እንደ ከለከለቻት ዛሬ ማን ያውቃል?

ለትምህርት ክፍላችን አንድ ጥያቄ አለኝ። በሚመጣው የልምምድ ወራት ተማሪዎች በሆስፒታል ብቻ ሳይሆን ፈቃደኛ በሆኑ የሰፈር ፋርማሲዎችም ተመድበው ይህን የአንድ ገጽ መዝገብ ይሞክሩት፤ ነጥቡም በቅጹ ብዛት ሳይሆን፣ ሕመምተኛው ሲመለስ ወረቀቱን ይዞ በመምጣቱና በወረቀቱ ምክንያት በተለወጠው ነገር ይሰጥ። አደባባይ ላይ ድንኳን መትከላችንም አይቅር፤ ነገር ግን ከግፊት መለኪያው ጋር ሁለት ቅጂ የሚያወጣ ካርቦን ወረቀት እንያዝ።

የቅጹን ረቂቅ በእጅ ጽፌዋለሁ። ከአንድ ገጽ በአራት መስመር ተርፎብኛል፤ የትኞቹን አራት እንደምሰርዝ ሊመክረኝ የሚፈልግ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያገኘኛል።